የአያ ቢተው የዘር ኩሬ

ባለፈው ግንቦት መጨረሻ፣ ሸሕዲ ከተማ ካለው ቤቴ ጀርባ አንድ ክፍል ላስጨምር ብዬ አንድ ገልባጭ ጠጠር አስመጣሁ። ግንበኛው በማግስቱ ሊጀምር ተስማማንና "እስከዚያው ትንሽ ውኃ ያርከፍክፉበት፣ አቧራው ይረፍ" ብሎኝ ሄደ። ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ሲመታው የዋለው ክምር ላይ አንድ ባልዲ ውኃ ደፋሁበት። ትኩስ ድንጋይ ውኃ ሲጠጣ የሚያወጣው ሽታ ተነሣ። ከሥሩ ደግሞ ራቅ ብሎ፣ ደከም ብሎ፣ የአሳ ሽታ ነበረበት። ባልዲውን አስቀመጥኩ። ጎንበስ ብዬ ክምሩን በእጄ ስበትን ከጥፍሬ የማትበልጥ የቀንድ አውጣ ቅርፊት አገኘሁ።

ለገልባጩ ሹፌር ደውዬ ጠጠሩን ከየት እንዳመጣው ጠየቅኩት።

"ኸወንዝ ነዋ፣ እታለም። ጠጠር ኸየት ይመጣል ብለሽ ነው?" ብሎ ሳቀብኝ።

ልክ ነው። እኔ ግን ይህን ከማንም በፊት ማወቅ ነበረብኝ። በዘጠኝ ዓመቴ የአንድ ወንዝ ጠጠር ሲወሰድ መንገድ የመራሁት እኔ ነኝ።

መንደራችን ከመተማው መንገድ ገባ ብሎ፣ ወደ ትልቁ ወንዝ ወደ ጓንግ የሚወርድ አንድ ወንዝ ዳር ነው። ወንዙ በክረምት ዛፍ ነቅሎ ይሄዳል፣ በበጋ ደግሞ ይቆራረጥና እዚህም እዚያም የቀረ ኩሬ ብቻ ይሆናል። ጥር ላይ ወንዝ ነው፣ መጋቢት ላይ ሰባት ስምንት ኩሬ ነው፣ ሚያዝያ ላይ ስንት እንደሚሆን እግዜር ያውቃል። አሳው ሁሉ እነዚያ ኩሬዎች ውስጥ ይሰበሰባል። ሰውም ከብቱም ዝንጀሮውም አብሮ እዚያው ይሰበሰባል።

ከሁሉም ጥልቋን ኩሬ የሚጠብቁት አያ ቢተው ነበሩ። አያ ቢተው የእናቴ አጎት ናቸው። በወጣትነታቸው ከዳባት ወርደው ሰሊጥና ማሽላ ሲያርሱ ኖረው፣ ጉልበታቸው ሲደክም እርሻውን ለልጆቻቸው ትተው ወንዝ ዳር የተቀመጡ ሽማግሌ ነበሩ። ማንም አልሾማቸውም። ሆኖም ከፋሲካ ማግስት ጀምሮ የመጀመሪያው ጎርፍ እስኪመጣ ድረስ ከዚያች ኩሬ አንዲት አሳ የሚያወጣ ሰው አልነበረም። ከሌሎቹ ኩሬዎች መረብ ይጣላል፣ መንጠቆ ይጣላል፣ ልጁም ሽማግሌውም የቻለውን ያህል ያወጣል። እሷን ግን የሚነካት የለም።

ምልክቷ አንዲት የማሽላ ራስ ነበረች። በእኛ አገር ገበሬ ለዘር የመረጠውን ማሽላ አይወቃውም። እንደ ራሱ አስሮ ከጎጆው ጣራ ሥር፣ ጭስ በሚደርስበት ቦታ ያንጠለጥለዋል። የቤቱ ሰው ቢርበው እንኳ ቀና ብሎ ያየዋል እንጂ አያወርደውም። አያ ቢተው ይህንኑ ልማድ ወደ ወንዝ አወረዱት። በፋሲካ ማግስት አንዲት የማሽላ ራስ በገመድ አስረው፣ ኩሬዋ ላይ ባዘነበለው የሾላ ቅርንጫፍ ላይ ይሰቅላሉ። ያየ ሁሉ ዘር መሆኑ ይገባዋል። ወፎቹ ፍሬውን ለቅመው ሲጨርሱት ሌላ ይሰቅላሉ።

የእኔ ሥራ ምሳቸውን ማድረስ ነበር። ሦስተኛ ክፍል ነኝ፣ ጧት ተምሬ እመለሳለሁ፣ ከዚያ እናቴ የቋጠረችልኝን የማሽላ እንጀራ ይዤ አናት በሚበሳው ፀሐይ ወደ ወንዝ እወርዳለሁ። የፕላስቲክ ጫማዬ ጠጠሩ ላይ ሲደርስ ስለሚግል የመጨረሻውን መንገድ በዝላይ ነው የምጨርሰው። ስዘል ከሩቅ ያዩኝና ገና ሳልደርስ ይጣሩኛል።

"የሺዬ፣ ምሳ ይዘሽ ነው ወይስ ጭፈራ?"

"ምሳ ነው፣ አያ።"

"እንግዲያው ለአሳዎቹ ንገሪያቸው። መጣ ብለው ይረፉ።"

ፍርፋሪ ስጥል ነጫጮቹ አሳዎች ውኃውን ያፈሉታል። ከሥር፣ ጥላ ውስጥ፣ ጢማሞቹ አምባዛዎች ዝም ብለው ይተኛሉ። እኔ አምባዛዎቹ ሽማግሌዎች፣ ነጫጮቹ ደግሞ ልጆቻቸው ይመስሉኝ ነበር። አያም አላረሙኝም።

አንድ ቀን ከጎጃም የወረደ ወጣት ሳሉግ መጣ። ሳሉግ የምንለው ለእርሻ ሥራ ከደጋ የሚወርደውን የቀን ሠራተኛ ነው። ይኸኛው ለምንጣሮ ቀድሞ የመጣ ነበር። መንጠቆውን እያፍታታ ማሽላዋን አየና ቆመ።

"አባቴ፣ ይችን ኩሬ ምነው ሰው ሁሉ ፈራት? ጋኔን አለባት እንዴ?"

"ጋኔን የለባትም። ዘር ነው ያለባት" አሉ አያ።

"የአሳ ዘር? በበሬ ነው የምትዘሩት በትራክተር?"

"ራሳቸው ይዘሩታል። ያነን ጠጠር ታያለህ?" ብለው ዱላቸውን ከኩሬዋ በላይ ወዳለው፣ ወንዙ ሰፍቶ ወደሚሳሳበት ቦታ ዘረጉ። "የመጀመሪያው ጎርፍ የመጣ ዕለት ኸዚህ ይወጡና እሱ ላይ ይዘራሉ። ጠጠሩ እርሻቸው ነው።"

"እኔስ ጭንጫ ላይ የሚዘራ የኛ አገር ሰው ብቻ ይመስለኝ ነበር" አለ ልጁ። አያ ዱላቸውን ጥለው ሳቁ። እሱም መንጠቆውን ጠቅልሎ ወደ ታችኛው ኩሬ ወረደ።

ስለሳቁ እኔም ነገሩን ቀልድ አድርጌ ያዝኩት። ጠጠሩ እርሻ ነው መባሉ ደስ ስላለኝ ብቻ ድንጋይ እያነሣሁ የበቀለ አሳ እፈልግ ነበር። አንድ ጊዜ ከአንድ ድንጋይ ሥር አረንጓዴ ነገር አገኘሁና "አያ፣ በቅሏል!" ብዬ እየሮጥኩ ሄድኩ። እንባቸው እስኪወርድ ሳቁብኝ።

አሳዎቹ ጎርፍ ሲመጣ ያጨበጭባሉ ማለታቸውን ግን አምኜ ነበር፣ በፊተኛው ዓመት በጆሮዬ ሰምቼው ነበርና። የመጀመሪያው ጎርፍ የመጣ ጧት አዝለው ወስደውኝ፣ ከጠጠሩ ዳር ካለችው መቀመጫ ድንጋያቸው ላይ አስቀመጡኝ። አሳዎቹ ጀርባቸው ከውኃው በላይ እየታየ፣ በሆዳቸው እየተጎተቱ፣ ድንጋዩን በጅራታቸው እየመቱ ሲወጡ ድምፁ የሠርግ ቤት ጭብጨባ ነበር። አሳዎች ዝናብ ሲመጣ እንደሚያጨበጭቡ ለትምህርት ቤት ጓደኞቼ ብነግራቸው ውሸታም አሉኝ።

መኪኖቹ የመጡት በሚያዝያ ነው። ከዋናው መንገድ እስከ ገበያችን ጠጠር የለበሰ መንገድ ሊሠራ ነው ተባለና ሰዉ በደስታ አበደ። ለምን አይደሰት? ክረምት ሲገባ የእኛ ዋልካ ጭቃ ጫማም ጎማም አይለቅም፣ ምጥ የያዛት ሴት በቃሬዛ ነው የምትወጣው። እናቴም ያኔ ነፍሰ ጡር ነበረች።

በዚያው ሳምንት አያ ቢተውን ወባ ጣላቸው። ከብርድ ልብስ ሥር ሆነው እጄን ያዙኝ። እጃቸው እሳት ነበር።

"የሺዬ፣ ኩሬዋን አደራ። ማሽላዋን ወፍ ኸጨረሳት ሌላ አለልሽ፣ ስቀይባት። ዘንድሮ ውኃዋም ጠቧል፣ እንጃ።"

ከትምህርት ቤት እየመጣሁ ድንጋያቸው ላይ ተቀመጥኩ። ሹመት የተሰጠኝ ያህል ኮራሁ። በሁለተኛው ቀን ሰፊ ባርኔጣ ያደረገ ሰው ኮረብታውን ወረደ። የመንገዱ ሥራ ፎርማን ነበር።

"አንች ሚጢጢ፣ የወንዙ ሹም ማን ነው?"

"እኔ ነኝ።"

"እንግዲያው ሹሟ፣ አንድ ነገር ንገሪኝ። ኸታች የቆፈርነው ሁሉ አፈር ሆነብን። ጭቃ የሌለበት ጠጠር የት አለ?"

መጀመሪያ ወደ ኩሬዋ አየሁ። ከዚያ "ትቆፍሩታላችሁ?" አልኩ።

"አዎ።"

"ጥልቅ ይሆናል? ውኃ ይይዛል?"

"ሀፊር ነው የሚሆንልሽ" አለ። ሀፊር ለከብት ውኃ የሚጠራቀምበት ትልቁ ጉድጓድ ነው፣ በእኛ አገር ሀፊር ያለው ሰው ሀብታም ነው። አያ ውኃዋ ጠበበ ብለው ሲጨነቁ ሰምቻለሁ። ከኩሬዋ አጠገብ ሀፊር ቢቆፈር አሳዎቹ ሁለት ቤት ይኖራቸዋል፣ አያም ድነው ሲመጡ አይተው ይደነቃሉ ብዬ አሰብኩ። የፎርማኑን እጅ ይዤ ሄድኩና ጠጠሩን አሳየሁት። ጎንበስ ብሎ አንድ እፍኝ ዘገነ፣ በጣቶቹ መሃል አሸው፣ እጁ ላይ አንድም ጭቃ አልቀረም። "ተማም፣ በጣም ጥሩ" አለ። ከዚያም ኪሱ ውስጥ የነበረውን ከረሜላ ሁሉ ሰጠኝ።

ሦስቱን በላሁ። ሁለቱን ለአያ ወሰድኩላቸው። በትኩሳት ውስጥ ሆነው አንዱን ከረሜላ አፋቸው ውስጥ እያገላበጡ "ኸየት አገኘሽው?" አሉኝ። "ኸመኪናዎቹ ሰዎች" አልኩ። "ይባረኩ" አሉ።

ሎደሩ አራት ቀን ሠራ። እኔ ድንጋዩ ላይ ተቀምጬ እያየሁ እንደ ሠርግ ነበር የቆጠርኩት። ጠጠሩን እያፈሰ ገልባጮቹ ላይ ሲያራግፈው አገሩ ይጮኻል። የመቀመጫዬ ድንጋይ ብቻዋን ዳር ቀረች። ከጉድጓዱ ሥር ውኃ መነጨ፣ እንደተባለውም ሀፊር ሆነ። ደስታዬ ወሰን አጣ።

አንድ ነገር ብቻ ግራ አጋባኝ። ማሽላዋ ቀድሞ ከውኃው አንድ ክንድ ነበረች፣ አሁን ከፍ ብላ ተንጠለጠለች። ገመዱ በፀሐይ ያጠረ መሰለኝ። ስለዚህ ሾላው ላይ ወጥቼ ገመዱን አስረዘምኩት። በማግስቱ ስመጣ እንደገና አጥሮ አገኘሁትና እንደገና አስረዘምኩት። ውኃው ከሥር ወደ ጥልቁ ጉድጓድ እየሸሸ መሆኑን ማን ይንገረኝ?

አያ ቢተው በስምንተኛው ቀን በዱላ እየተደገፉ ወረዱ። ፊታቸው አመድ መስሏል። እኔ ከፊት ከፊታቸው እየሮጥኩ "አያ፣ ኑ ይዩ፣ ሀፊር!" እላለሁ። ደርሰው ቆሙ። ጉድጓዱን አዩ፣ ኩሬዋን አዩ፣ ጠጠሩ የነበረበትን ባዶ ቢጫ ጭቃ አዩ።  ፎርማኑ የመጨረሻውን መኪና እያስጫነ ነበር።

"ልጄ፣ ይችን ቦታ ማን አሳያችሁ?" አሉት።

ፎርማኑ ወደ እኔ አየ። እኔ የፕላስቲክ ጫማዬን አየሁ።

"ማንም፣ አባቴ። ራሳችን ፈልገን ነው" አለ። ቀጥሎም "አይዘኑ፣ ጠጠር አይዶል፣ ጎርፍ ይመልሰዋል" አላቸው።

"ይመልሰዋል" አሉ አያ። "ኸዳባት ተራራ ፈልጦ፣ እያንከባለለ፣ እያጠበ ይመልሰዋል። ዕድሜ ይፈጃል እንጅ።"

በሁለት ቀን ውስጥ ኩሬዋ አለቀች፣ የሀፊሩም ውኃ ሰርጎ ጭቃ ብቻ ቀረ። አሳዎቹ ውኃው በተረፈበት በኩሬዋ ወለል ጭቃ ውስጥ ገብተው አፋቸውን ወደ ላይ ከፍተው ይተነፍሱ ጀመር። ወሬው እንደተሰማ መንደሩ በሙሉ ሳፋና ቅርጫት ይዞ ወረደ፣ ሳሉጉም ሁሉ ከእርሻ ሰፈሩ፣ ከካምቦው፣ ወረደ። እውነቱን ልናገር፣ ያን ቀን የበላሁትን ያህል አሳ በሕይወቴ በልቼ አላውቅም። እናቴ በሰሊጥ ዘይት ጠብሳ በበርበሬ ሰጠችን። የተረፈው በየጣራው ላይ ተሰጥቶ ደረቀ፣ መንደሩ ለሳምንት አሳ አሳ ሸተተ። ያ ሽታ እስከ ዛሬ የጥጋብ ሽታ ሆኖ ነው የሚመጣብኝ፣ በዚህም አፍራለሁ።

አያ አንድም አልበሉም። ጭቃው ውስጥ እስከ ጉልበታቸው ቆመው ሆዳቸው የተነፋውን፣ ዕንቁላል የያዙትን ሴት አሳዎች በእጃቸው እየዳሰሱ ይለዩ ነበር። ከእያንዳንዱ ሳፋ ሁለት ሦስት ይለምናሉ፣ ሰውም አልነፈጋቸውም። የለመኑትን አፋቸው በተቆረጠ ጀሪካኖች ውስጥ ጨመሩ፣ ከወንዶቹም ጥቂት ደባለቁበት። እኔና ያ የጎጃሙ ልጅ እየተሸከምን በታች በኩል ገደል ሥር ወዳለች ጠባብ ኩሬ አወረድናቸው። ስንት ጊዜ እንደተመላለስን አላውቅም። ትከሻዬ ተላጠ። ሲመሽ አያ ማሽላዋን ከሾላው ፈትተው እዚያች ኩሬ ላይ ሰቀሏት።

የጎጃሙ ልጅ ፊቱን እየታጠበ "ዘሩን እንኳ አተረፍነው፣ አባቴ" አላቸው። "እርሻው ግን የት አለ?"

በዚህ ጊዜ አልሳቁም። "ኸሥሩ ትንሽ ቀርቶ ይሆናል" አሉ። "የሚታወቀው ሲወጡ ነው። ጠጠር ኸነካቸው ያጨበጭባሉ፣ ካልነካቸው ዘንድሮ ዘር የለም።"

ጠጠሩ ቀልድ አለመሆኑ ያኔ ገባኝ። ማታ እራት ሲቀርብ አልበላም ብዬ ተኛሁ። እናቴ በልቼ በልቼ የታመምኩ መስሏት ነጭ ሽንኩርት ሰጠችኝ።

ከዚያ በኋላ በየቀኑ ምሳ ሳደርስ እነግራቸዋለሁ እልና እመለሳለሁ። መንገዱ በዚያው ወር አለቀ፣ እናቴም ታናሽ ወንድሜን በመኪና ሄዳ በሰላም ተገላገለች። አያ ሕፃኑን ታቅፈው "ይኸን መንገድ የሠራ እጅ አይታመም" ሲሉ ሰማሁ። ከልባቸው ነበር። እኔ ግን ከቤት ወጥቼ ከቁርቁራው ዛፍ ሥር ተቀምጬ አለቀስኩ።

ሰኔ ሲገባ በደጋው በኩል ሰማዩ ጠቆረ። ገና ጎህ ሳይቀድ አያ በራችንን በዱላቸው መቱ።

"የሺዬን ስጡኝ፣ ጎርፉ እየመጣ ነው።"

ያን ዓመት ሊያዝሉኝ አቅም አልነበራቸውም፣ እኔ ነኝ እጃቸውን ይዤ ያወረድኳቸው። ድንጋያቸው ላይ ጎን ለጎን ተቀመጥን። ውኃው ቡናማ ሆኖ፣ ቅጠልና አረፋ እየነዳ መጣና ጉድጓዱን ሞልቶ ቢጫው ጭቃ ላይ ተዘረጋ። ገና በደንብ ስላልነጋ ዓይን አሳ አይለይም፣ በጆሮ ብቻ ነው። አያ ባርኔጣቸውን አውልቀው አንገታቸውን ወደ ውኃው ዘንበል አደረጉ። እኔም አደረግኩ። ውኃው ይጮኻል። ከዚያ ሌላ ምንም የለም። ሰማዩ ትንሽ እስኪገርጣ ድረስ እንደዚያ ተቀመጥን፣ ምንም የለም። 

"የሺዬ" አሉ ቀስ ብለው። "ያንች የልጅ ጆሮ ነው። ጀምረዋል?"



"ጀምረዋል፣ አያ።"

"ያጨበጭባሉ?"

"ያጨበጭባሉ።"

"ብዙ ናቸው?"

"ብዙ ናቸው።"

ዓይናቸውን ጨፈኑ። "ተመስገን" አሉ። ትንሽ ቆይተው ደግሞ ሳቁ። "እንግዲያው ደንቁሬያለሁ ማለት ነው።"

በዚያው ቀን ለሰው ሁሉ አወሩ። ጆሮዬ ሄደ፣ አሳዎቹ ግን ወጡ ይላሉ። ሰዉም ይጮኽባቸው ጀመር። እናቴ እንኳ "ምሳ ይብሉ!" እያለች ጎረቤት እስኪሰማ ትጮኽባቸዋለች። እሷ ጓዳ ሆና ለጎረቤት በሹክሹክታ የነገረችውን ወሬ አያ ደጅ ተቀምጠው ሰምተው ሲመልሱላት በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ይህም ሆኖ ደንቆሮ ነኝ ማለታቸውን አልተዉም። እኔ ብቻ ነኝ በዝግታ የማናግራቸው። "ያንች ድምፅ ብቻ ይሰማኛል፣ ምን ያለ ነገር ነው?" ይሉኝ ነበር።

በተከታዩ ፋሲካ ማሽላዋን ሰቀሉ። ከሥሯ ግን የተረፉት ጥቂት ያረጁ አምባዛዎች ብቻ ነበሩ። "ትንንሾቹ የት ሄዱ?" ሲሉ "ተደብቀው ነው" አልኳቸው። ለሌላ ፋሲካ ሳይደርሱ አረፉ። ሲያጣጥሩ ቄሱ ጸሎቱን ጆሯቸው ሥር እየጮኹ ነበር ያደረሱላቸው። እኔ በር ላይ ቆሜ ነበር፣ ያኔም አልተናገርኩም።

ቤቴ ጀርባ ያለውን ጠጠር ባለፈው ግንቦት ውኃ ያጠጣሁት ማክሰኞ ነው። ቅዳሜ ንጋት ላይ በዚያው በወንዛችን ጠጠር በተሠራው መንገድ፣ አቧራም ጭቃም ሳይነካኝ፣ በባጃጅ ወረድኩ። ሌሊቱን ደጋው ላይ ዘንቦ ነበር። ወንዙ ውስጥ አሁን ጉድጓዱ አንድ አይደለም፣ ዓይን እስከሚደርስበት ድረስ ሀፊር ብቻ ነው። ሾላው ግማሽ ሥሩ ተራቁቶ ቆሟል። የአያን ድንጋይ ፈለግኩት፣ የለም፣ እሱንም ጭነውታል። ምናልባት እኔ ቤት ካለው ክምር ውስጥ ተሰብሮ ይኖር ይሆናል።

የሾላው ሥር ላይ ተቀመጥኩ። ጎርፉ ቡናማ ሆኖ፣ አረፋ እየነዳ መጣ። አንገቴን ዘንበል አድርጌ ፀሐይ እስክትወጣ አዳመጥኩ። ጆሮዬ ደህና ነው፣ የባጃጁ ሹፌር ከኮረብታው ላይ በስልክ የሚያወራው ሁሉ ይሰማኛል። ከወንዙ ግን ከውኃ ድምፅ በቀር ምንም አልሰማሁም።

"አያ" አልኩ፣ እንደ ድሮዬ በዝግታ። "አላጨበጨቡም። ያን ጊዜም አላጨበጨቡም። ጠጠሩን ያሳየኋቸው እኔ ነበርኩ። ጆሮዎ ደህና ነበር፣ አያ።"